የፈረንሳይኛ ድግምት

የባሌን ጋቢ አጥቤ አጥሩ ላይ አስጥቼው ነበር። ከሰዓት በኋላ ላነሣው ስሄድ አንዱ ጫፉ የለም። አይጥ በልቶት ወይም እሾህ ቀዶት ቢሆን ያስታውቃል፤ መዳፍ የምታህል ቁራጭ በምላጭ ቀጥ ተደርጋ ተወስዳለች። እኔ የንፋስ መውጫ ልጅ ነኝ፣ ገጠር አላደግሁም። የሰው ልብስ ተደብቆ የሚቆረጠው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ገጠር ማደግ አያስፈልግም። አንድ ቤት ሰው ታሟል፤ ያ ቤት ያሳመመው የኔ ባል ነው ብሎ ቆርጧል፤ ጨርቁ ፍም ላይ ይጣልና በሽተኛው በጭሱ ይታጠናል። እዚያው አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ።

ፍርሃቱ ሳይለቀኝ ደግሞ ንዴቱ መጣ። በቆራጩ አይደለም፣ በመሐሪ። ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ!

መሐሪን ያገኘሁት ላሊበላ ነው። እኔ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ፣ እሱ አስጎብኚ ነው። በእንግሊዝኛው ሁሉም ይሻማል፤ እሱ ብልጥ ሆኖ ፈረንሳይኛውን ያዘ። ትምህርት ቤት ገብቶ እንዳይመስላችሁ። ልጅ ሆኖ ቤተ ልሔም ከሚባለው የዜማ ደብር ድጓ ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ነው፤ ከዚያ የተረፈው ጆሮው ብቻ ነው። ያ ጆሮ ግን አንድ ጊዜ የሰማውን ዜማ አይለቅም። ከእንግዶቹ ዘፈን እየለመነ ስልኩ ላይ ይጭናል፣ ቃሉን በቃሉ ይይዛል፣ ትርጉሙን ደግሞ ከተራራ ተራራ ሲያዞራቸው ይጠይቃቸዋል። ቋንቋውን በዘፈን በዘፈን ጨረሰው።

እኔንም ሊያስተምረኝ ሞክሮ ነበር። "ስሚ ፍቅርተ፣ ይቺን ብቻ ስሚ" እያለ አንዱን ማዳመጫ ከራሱ ጆሮ ነቅሎ የኔ ላይ ይሰካል። ኤዲት ፒያፍ የምትባለዋን መጀመሪያ ሲያሰማኝ፣ ይቺ ሴትዮ ከማን ጋር ነው የተጣላችው ብዬዋለሁ። "ፒያፍ በመንደር ቋንቋቸው ድንቢጥ ማለት ነው፤ ቁመቷ እስከዚህ ነው" ብሎ ደረቱ ሥር በእጁ ለካልኝ። ያን የሚያህል ድምፅ ከዚያች ሚጢጢ ሴት መውጣቱ ገርሞኝ ሳልወድ በግዴ ደግሜ ሰማኋት። ሻርል አዝናቩርን ግን ከመጀመሪያው ቀን ወደድኩት፤ አጠገቤ ተቀምጦ የራሱን ጉድ የሚነግረኝ ይመስለኛል። ፍራንሲስ ካብሬል የሚባል አለ፣ ጊታሩን ይዞ ረጋ ብሎ የሚዘፍን፤ መሐሪ "ይኼስ የባላገር ልብ ነው ያለው" ይለዋል። ከአሁኖቹ ደግሞ ዛዝ የምትባል ድምፀ ሻካራ አለች፣ መንገድ ዳር ትዘፍን የነበረች፤ እሷን ሲሰማ ራሱን እየነቀነቀ ብቻውን ይስቃል። "ሰው ፈረንሳይኛ ባይሰማ እንኳ እነዚህን ሳይሰማ መሞት የለበትም" ይል ነበር። እኔም እሱ ደስ ሲለው ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን አደርጋለሁ።

ጦርነቱ መጣና እንግዳ ቀረ። ዓመት ጠበቅን፣ ተስፋ ቆርጠን አባቱ ወደተወለት መሬት፣ ስማዳ፣ ከወገዳ ከተማ በላይ ካለች መንደር ገባን። ስንመጣ መንገድ ላይ አንድ መሣሪያ የያዘ ቡድን አስወርዶን ስልኩን ፈተሸው። "ይኼ የማን ቋንቋ ነው? ለማን ነው የምታወራበት?" አሉት። ዘፈን ነው አለ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አስቀመጡት፤ አንድ በአንድ አሰማቸው፣ እነሱም ሳይገባቸው እየሰሙ ዋሉ። ለቀውን ኩርባውን እንደዞርን መሐሪ ሁሉንም በገዛ እጁ አጠፋቸው። 

ከዚያ ወዲህ ዘፈኖቹ ያሉት ጭንቅላቱ ውስጥ ብቻ ነው። እንግዶቹ አንድ ቀን ይመለሳሉ፣ ያን ጊዜ ቋንቋው ጠፍቶብኝ እንዳይገኝ እያለ በየተራ ይላቸዋል። ሲያርስ፣ ሲያርም፣ ሲያጭድ። ጮክ ብሎ ቢዘፍን እኮ ምንም አልነበረም! አገሩ ሁሉ አጨዳ ላይ ይዘፍን የለም? እሱ ግን የቤተ ክህነት ልጅ ነኝና በዓለማዊ ዘፈን ድምፄን አላሰማም ብሎ፣ ዜማ ቤት ቀለም እንደሚያጠና ተማሪ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ብቻ ያጉተመትማል። "ወይ ዝፈነው፣ ወይ ተወው" አልኩት። "አፍራለሁ" አለኝ። እስኪ አስቡት፤ ከቤተ ልሔም ያቋረጠ፣ ስንት ዓመት የት እንደነበረ የማይታወቅ ሰው መጥቶ፣ በየማሳው ዳር ግእዝም አማርኛም ያልሆነ ቃል ሲያነበንብ ይውላል። እዚህ አገር እንዲህ ያለውን ሰው ምን እንደሚሉት እሱም ያውቃል። ደጋሚ ነው የሚሉት።

መጀመሪያ ወንፈል ቀረብን። የሁሉም ገብስ ደርሶ ሰው ተራ በተራ ሲተጫጨድ የኛን ማሳ ዘለሉት። መሐሪ "ረስተውን ይሆናል" አለ። ማሳ ይረሳል? ቀጥሎ ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ሳይሞሉ አንሥተው መንገድ ይለቁልኝ ጀመር። አንዷ የታቀፈችውን ሕፃን ፊት በነጠላዋ ስትከድን አየኋት። ከኔ ዓይን ነው የምትደብቀው። ሆቴል ውስጥ የሠራ ሰው ስድብ አይገርመውም፤ ያን ቀን ግን ውኃውንም ሳልቀዳ ተመለስኩ።

እንግዲህ በዚህ ላይ ነው የጋቢው ቁራጭ የመጣው። መሐሪ ከማሳ ሲገባ ጋቢውን ዘርግቼ አሳየሁት። ጫፉን በጣቱ ዳሰሰው።

"ማን ነው የታመመው?" አለኝ።

"የተክሌ ልጅ ናት አሉ። ሀና።"

ተክሌ ከአጥራችን ታች ያለው ጎረቤታችን ነው። ሀና አሁን ያለችው አንዲት ልጁ ናት፣ ጥርሷን እየቀየረች ያለች፣ ሳቂታ። መሐሪ ስሟን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ተነሣና ነጠላውን ፈለገ።

"ወዴት ነው?"

"ልጠይቃት።"

"አብደሃል? ዛሬ ሄደህ ትጠይቃታለህ፣ ነገ እኔ እቀብርሃለሁ።" በሩ ላይ ቆምኩበት። ቁጭ አለ። ሌሊቱን ሁለታችንም ዓይናችን አልተከደነም፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር እጄን ሲይዘኝ አደረ።

በማግስቱ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ተክሌ ከነወንድሙ ከሙሉቀን መጣ። ተክሌ ክፉ ሰው አይደለም። ስንገባ ለዘር የሚሆን ገብስ የሰጠን እሱ ነው። መሣሪያውን በትከሻው አንግቷል፤ ሙሉቀን ግን በእጁ ነው የያዘው።

"መሐሪ፣ ተነሥ። ቤት ድረስ ትመጣለህ" አለ ተክሌ።

"ምነው ተክሌ፣ በደኅና?"

"ደኅና ብሆን ደጅህን እረግጥ ነበር?"

እኔም ነጠላዬን አነሣሁ። ሙሉቀን "አንቺ እዚሁ ቁጪ በይ" አለኝ። "ባሌ ነው። ካልፈለግህ እዚሁ ምታኝና አርፈህ ሂድ" አልኩት።  ተክሌ "ተዋት፣ ትምጣ" አለ።

ቤቱ በጤና አዳምና በነጭ ሽንኩርት ሽታ ታፍኗል። ሀና መደቡ ላይ ተኝታለች። እናቷ እመቤት እግሯ ሥር ተኮራምታ፣ እማማ ብርቄ የሚባሉት የመንደሩ አዋቂ የልጅቷን የግራ እጅ አውራ ጣት ጨምቀው ይዘዋል። አጠገባቸው ገል ላይ ፍም አለ፣ ፍሙ ላይ የጋቢያችን ቁራጭ ጠርዝ ጠርዙ እየጠቆረ ይጨሳል። ራሴ ያጠብኩትን ጨርቅ አወቅሁት።

"ማነህ? ተናገር! ከየት ነው ያገኘሃት?" እያሉ ብርቄ ጣቷን ይጨምቃሉ። ይኼን አውቀዋለሁ፤ የተበላ ሰው እንዲህ ሲደረግ የበላው በራሱ በበሽተኛው አፍ ለፍልፎ ስሙን ይናገራል ይባላል።

ሀና ዓይኗን ሳትገልጥ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ከዚያ መዝፈን ጀመረች።

ቀጭን፣ የደከመ ድምፅ ነው። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው። ዜማውን እኔም አውቀዋለሁ፤ ማን እንደዘፈነችው መሐሪ ራሱ የማያውቀው፣ አንዲት እንግዳ መኪና ውስጥ ያሰማችው ዘፈን ነው። አንድ መስመር ብላ ቆመች፣ ተነፈሰች፣ ቀጠለች። አንድም ቦታ አልሳተችም። ከዚያ "ጋሼ መሐሪ" አለች።

"ይኸው! ይኸው ለፈለፈ!" አሉ ብርቄ። እመቤት ደረቷን መታች። የሙሉቀን መሣሪያ ቀጭ ሲል ሰማሁ። 

ወደ መሐሪ ዞርኩ። አንገቱን ደፍቷል። "አስተምረሃታል?" አልኩት በሹክሹክታ።

"አጥሩ ሥር እየመጣች ትቀመጣለች። ደስ ይላታል" አለኝ።

እንዲህ ነው ነገሩ። እኔ ከቤት ሆኜ በንዴት ስንገበገብ፣ ለካ በአጥሩ ወዲያ አንዲት ልጅ ቁጭ ብላ ታደምጠው ነበር። ከኔ በቀር እዚህ አገር ዘፈኑን የወደደችለት እሷ ብቻ ናት። አሁን ይኼን ቢናገር ምን ይሉታል? ድግምቱን ለልጅ አስተማረ ይሉታል። ዝም ቢል ደግሞ ከሩቅ ሆኖ ደገመባት ነው።

ማንም ሳይከለክለኝ ሄጄ ግንባሯን ነካሁ። ያቃጥላል። እጄን ሳላነሣ ደግሞ ጥርሷ እስኪፋጭ ተንቀጠቀጠች። ሆቴል ስሠራ ከቆላ የሚመጡ ሠራተኞች እንዲህ ሲሆኑ አይቻለሁ።

"ይቺ ልጅ ቆላ ወርዳ ነበር?" አልኩ።

"አጎቷ ዘንድ፣ ማሽላ ጥበቃ" አለች እመቤት። "ከተመለሰች ሳምንት አይሆናትም።"

"ወባ ነው! ወባ ነው እኮ! ወገዳ ውሰዷት፣ መርፌ ትወጋ፣ ትድናለች!"

እማማ ብርቄ ቀና ብለው አዩኝ። ሳይቆጡ፣ ለማያውቅ ሰው እንደሚያስረዱ ሆነው ነው የተናገሩት። "ልጄ፣ የተበላ ሰው ሳይለቀው መርፌ ከነካው አያድርም።"

"ይኼማ ወሬ ነው እማማ!"

"ወሬ አይደለም" አለ ተክሌ። ድምፁ ተሰበረ። "የፊተኛውን ልጄን እንዲህ ሲለፈልፍ ይዤው ሄጄ አስወጋሁት። በማግስቱ ቀበርኩት። ሳይለቀው ነው ያስወጋሁት። ይቺንም ልድገማት? ባልሽ ይፍታልኝ። ሌላ አልፈልግም።"

የተክሌን ዓይን ሳይ ልክ ፍርሃቴን በመስታወት ያየሁት ያህል ሆነብኝ። ይኼ ሰው ጠላታችን አይደለም፣ ልጁ ልትሞትበት ነው። ለዚያ ነው ይበልጥ የፈራሁት። ክፉ ሰው ይለመናል፤ እንዲህ የሆነን አባት በምን ይለምኑታል?

መሐሪ እውነቱን ሞከረ። "ተክሌ፣ ወንድሜ፣ ድግምት አይደለም። ዘፈን ነው። የፈረንጅ ዘፈን።"

"ምን ይላል?" አለ ሙሉቀን።

"ዝናብ ይዘንባል ነው የሚለው። አንዲት ሴት ዝናብ ውስጥ ቆማ አንድ ሰው ትጠብቃለች። አይመጣም። ዝናቡ ሲያባራ ትሄዳለች። ይኸው ነው።"

 ሲተረጎም ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ እኔንም አሳፈረኝ።

"ዘፈን ከሆነ" አለ ሙሉቀን፣ "ለምን እንደ ሰው ጮክ ብለህ አትዘፍነውም? ዘፈን በሹክሹክታ ነው? ማሳዬ ዳር ቆመህ ከንፈርህን ስታንቀሳቅስ እኔው በዓይኔ አላየሁህም?"

መሐሪ አፍሬ ነው ቢል ማን ያምነዋል? እኔ ሚስቱ እንኳ ስንት ጊዜ ጠይቄው መልሱ አልገባኝም።

በዚህ መሀል ሀና ተወጠረች። ጀርባዋ ከመደቡ ተነሣ፣ ዓይኗ ተገለበጠ፣ ከአፏ ዳር አረፋ ወጣ። እመቤት ጮኸች። ያዝናት፤ አለፈላት፤ ከዚያ ጨርሶ ዝም አለች። ትንፋሿ ብቻ ቶሎ ቶሎ ይሄዳል።

መሐሪ ቀና ብሎ አየኝ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገባኝ። ከአንድ ሰው ጋር ስንት ዓመት ስትኖሩ አንዳንድ ነገር ሳይነገር ይሰማል። ራሴን ነቀነቅሁ። እንዳታደርገው። ስለ እናትህ፣ እንዳታደርገው።

"እኔ ነኝ" አለ።

እመቤት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች።

"እኔ ነኝ የደገምኩባት። ያለችው እውነት ነው። አሁን እፈታታለሁ።" ድምፁ የሱ አይመስልም፣ ደርቋል። "ግን ስማኝ ተክሌ። እኔ ስፈታ ይወጣል እንጂ በሩ ክፍት ይቀራል። የሚዘጋው መርፌ ነው። እኔ እንደጨረስኩ ሳታቆይ ወገዳ አድርሰህ ካላስወጋሃት ተመልሶ ይገባል። ያን ጊዜ እኔም አላወጣውም።"

"ሐኪም ቤት?" አሉ ብርቄ ግራ ገብቷቸው።

"የዚህ ዓይነቱ እንዲህ ነው እማማ። የፈረንጅ ነው። መርፌውም የፈረንጅ ነው።"

በዚያ ሁሉ መሀል ሳቄ ሊመጣ ነበር። እሪ ልልም ነበር። ባሌ በሕይወቱ አንድ ውሸት የማይሆንለት ሰው፣ ለእንግዶቹ ስንኳ "ይቺ ቤተ ክርስቲያን መቼ እንደታነፀች አላውቅም" እያለ ጉርሻ የሚያጣ ሰው፣ እዚያ ቆሞ የሚያስገድለውን ውሸት አሳምሮ ዋሸ።

ተንበርክኮ እጁን ግንባሯ ላይ አደረገ። ከዚያ ዘፈነ። ጮክ ብሎ። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው ኖሬ ሙሉ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቤቱን ሞላው። የቤተ ልሔም ጉሮሮ ነው፣ የሚጎተተውን ይጎትተዋል፣ የሚሰበረውን ይሰብረዋል፤ ዘፈኑ ግን ያው የዝናቡ ዘፈን ነው። ዕንባዬ ወረደ። ከፍርሃት ይሁን ከማማሩ አላውቅም። እመቤት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ሙሉቀን አማተበ። እኔ የሀናን ከንፈር ነበር የማየው። ድምፅ አልወጣትም እንጂ አብራው ትል ነበር።

ሲጨርስ ብርቄ እንዳዘዙት ሦስት ጊዜ እንትፍ አለባት። "ተፈታች። ሂዱ!" አለ።

ጎረቤቶች ተጠርተው ሀና በቃሬዛ ስትወጣ ተክሌ በሩ ላይ ዞር አለ። "ሙሉቀን፣ አንተ እነዚህ ሰዎች ቤት ቆይ። ልጄ ካልተመለሰች..." አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም።

ሙሉቀን ደጃችን ላይ ድንጋይ ስቦ፣ መሣሪያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ጎረቤት ሁሉ ወሬውን ሰምቶ ከሩቅ ከሩቅ ቆሞ ያየናል። መሐሪ ጥግ ላይ ተቀምጦ እጁን ያያል።

"ለምን?" አልኩት። "ለምን እንዲህ አደረግህ? እኔስ? እኔን አላሰብከኝም?"

"ካልዋሸሁ አይወስዷትም ነበር።"

"ወስደዋት ብትሞትስ?"

"ብትሞትማ..." አለና ተወው። ከዚያ "ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር የምትሰማው ዘፈኑን፣ በሦስተኛው ትይዘዋለች። እንዲህ ያለ ጆሮ አይቼ አላውቅም" አለኝ። ልመታው ቃጣኝ። አቀፍኩት።

ያን ቀንና ቀጣዩን እንዴት እንዳሳለፍኩት አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። ከወገዳ የሚመጣው መንገድ በተራራው ትከሻ ነው የሚያልፈው፤ አንድ ሰው ብቅ ባለ ቁጥር ሙሉቀን ይነሣል፣ እኔም እነሣለሁ። አንዴ ከሩቅ ጩኸት ሰማን። ሙሉቀን መሣሪያውን አነሣ፣ እኔ ሳላስበው መሐሪ ፊት ቆምኩ። ለካ ጅብ አህያ ነክሶ ነው። ሙሉቀን ተመልሶ ተቀመጠ። ውኃ ሰጠሁት፤ አልጠጣውም፣ ከኔ እጅ።

ተክሌ በሦስተኛው ቀን ጧት መጣ። ብቻውን ነው። አጥሩን አልገባም፣ ውጭ ቆመ። ፊቱን ሳየው ምንም ማንበብ አቃተኝ። መሐሪ ወጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ፣ እኔም ከኋላው።

"ድናለች" አለ ተክሌ። "ሐኪሞቹ ሁለት ቀን በተከታታይ ወጓት። ትናንት ማታ ገንፎ በላች።"

እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ መሬቱን ሳምኩ። መሐሪ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

"ልጄን ስለፈታህልኝ አልገድልህም" አለ ተክሌ። "ስላሰርክብኝ ደግሞ ጎረቤቴ ሆነህ አትኖርም። ነገ ላመጣት እሄዳለሁ። ስትገባ እዚህ እንዳላገኝህ።"

እኔ አልቻልኩም። "ተክሌ! ሐኪሞቹ ምን አሉህ? ወባ ነው አላሉህም?"

"ብለውኛል።"

"እኮ ታዲያ!"

"ወባውንስ ማን ላከባት?" አለኝ። ሊያፌዝ አልነበረም። በእውነት ነበር የጠየቀኝ። "ራሱ እኮ ነው እኔ ነኝ ያለው፣ ፍቅርተ። ማንም አላስገደደውም። እኔም ባላምንበት በወደድኩ።"

መሐሪ ክንዴን ያዘኝ። "እሺ ተክሌ። እንሄዳለን" አለ።

ያጨድነውን ገብስ እዚያው ተውነው፤ የኛን እህል ማን ይገዛል? አህያ የሚያከራየንም አጣንና የሚቻለንን ተሸክመን ወጣን። ንፋስ መውጫ እናቴ ዘንድ እስክንደርስ መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ እንኳ አናውቅም። ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ በቀዳዳ ያየናል። ወደ ወገዳ የሚወስደውን ዳገት ጨርሰን ትከሻው ላይ ስንደርስ ከፊታችን በቅሎ መጣች።

ሀና ነበረች። ተክሌ በቅሎዋን ይስባል፣ እመቤት ከኋላ ትከተላለች። ልጅቷ ከስታ አንገቷ ቀጥኗል፣ ግን ዓይኗ ጥርት ብሏል። እኛን ስታይ፣ እምላለሁ፣ መጀመሪያ ፊቷ በራ። ሳቅ ሊመጣት ነበር። ከዚያ የተነገራት ነገር ሲመጣባት አየሁ። ሁለት እጇን ጆሮዎቿ ላይ ጫነች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ በኮርቻው ላይ ተኮማተረች። "እማ!" አለች። እንዲህ ያለ ፍርሃት ከልጅ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

ተክሌ ሳያየን በቅሎዋን ሳበ። መሐሪ ሸክሙን አውርዶ ከመንገዱ ወጣ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመላቸው። ከዚያ አፉን በመዳፉ ከደነ። ዓይኗን ብትገልጥ ከንፈሩ እንደማይንቀሳቀስ እንድታይ ነው፣ እንዳትፈራ። በቅሎዋ አልፋ ኩርባውን እስክትዞር ድረስ እጁን ከአፉ አላነሣም።